የሰቲቱ አውሬ ለቅሶ

«በምኑ ላልቅስለት?» አሉ እማማ ባንቺአየሁ፣ ሁለት ባዶ እጆቻቸውን ወደ ፊት ዘርግተው። «ሸሚዝ የለ፣ ፎጣ የለ፣ ጫማ የለ። ሬሳውንስ እሺ፣ አፈር ቀድሞን ወሰደው። ግን አንዲት ክር እንኳ ሳይተው ለሄደ ሰው እኔ እስከ ዛሬ አልቅሼ አላውቅም።»

ከሰሊጥ አገዳና ከሣር በተሠራው ራኩባ ጥላ ሥር የተኮለኮሉት ለቀስተኞች ዓይናቸውን ምንጣፉ ላይ ጣሉ። ዝናቡ ጋብ ካለ ወዲህ የሱዳኑ ገዳሪፍ ሙቀት ከጥቁሩ ጭቃ እየተነነ በሰው ላይ ይሳባል፤ ሻይ በተረሳባቸው ብርጭቆዎች አፍ ላይ ዝንብ ይረባረባል። የሟቹ ታላቅ እህት ውዴ፣ በገመድ አልጋው እግር ሥር ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ፣ የአልቃሿን ባዶ መዳፎች ጥፋቱ የራሷ ይመስል ትመለከታለች።

በጎንደር ቆላ ወግ አልቃሽ በባዶ እጇ አታለቅስም። የሟቹን ልብስ ለሕዝቡ ከፍ አድርጋ፣ እጅጌውን እንደ ክንድ፣ ኮሌታውን እንደ አንገት ይዛ ነው ግጥሟን የምትደረድር። ሬሳ በሌለበት ለቅሶ ደግሞ ልብሱ ራሱ ሬሳ ነው፤ ይወድቁበታል፣ ይስሙታል፣ ያናግሩታል። ባንታምላክን የገደለው ኮሌራ ግን በሰውነቱ ብቻ አልረካም። ከባሱንዳ፣ ከሰሊጥ አረም ላይ፣ በቦክሲ ፒክአፕ ጭነው ሲያመጡት ውዴ ከኮሌራ ሕክምናው ድንኳን በር ላይ ተከልክላ ቀረች። ሌሊቱን አላነጋም። በላስቲክ ከረጢት አሽገው ሰው ሳያየው ቀበሩት፤ የለበሰውንና የተነጠፈለትን ሁሉ፣ በኪሱ ከነበረው ስልክ ጋር፣ ከአጥሩ ጀርባ አቃጠሉት። ውዴ ጭሱን ከውጭ ቆማ አይታዋለች። የማን እንደሆነ የነገሯት በኋላ ነው።

«ሸሚዝ ገዝቻለሁ» አሉ አያ ስማቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው። የአገሩ ልጆች ማኅበር ሽማግሌ ናቸው፤ ከሠልስት ማግሥት መርዶውን ተሸክመው የገላባትን ድንበር ተሻግረው ወደ ሽንፋ፣ ወደ ሟቹ እናት የሚሄዱት እርሳቸው ናቸው። ከጎናቸው የነበረውን ላስቲክ ከፈት አደረጉ፤ ኮሌታው ውስጥ ካርቶን የገባበት፣ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ ነጭ ሸሚዝ። «አዲስ ነው። ለዚህም ይሁን፣ ለእናቱም ይሁን። እናት በምን ታውቃለች? ስምንት ዓመት አላየችውም።»

እማማ ባንቺአየሁ ሸሚዙን በጣቶቻቸው ዳሰሱት። ዓይናቸው ሞራ ስለጋረደው ዓለምን የሚያነቡት በመዳፋቸው ነው። ወዲያው መለሱላቸው።

«ይሄ የማንም ነው» አሉ። «ለማንም አላለቅስም።»

ሌላ ክርክር ሳይነሣ የውዴ ስልክ ጮኸ። ስሙን አይታ ፊቷ ሲለወጥ ሁሉም ማን እንደሆነ አወቀ። ከመቅጽበት ራኩባው ጸጥ አለ፤ ሴቶቹ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተቱ፤ አንዱ ጎልማሳ ሳል ይዞት እየታገለ ወደ ውጭ ሮጠ። መርዶ በስልክ አይነገርም። እናት ልጇን የምታጣው ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ጎረቤቱ ደጇ ላይ ሞልቶ፣ ክንዷን የሚይዝ ሰው ባለበት ነው እንጂ፣ ብቻዋን ጓሮ ቆማ በአየር ላይ በተላከ ቃል አይደለም። ይህ ሥርዓት ርኅራኄ ነው፤ ርኅራኄውን የሚሸከም ሰው ግን መኖር አለበት።

«ውድዬ፣ እንዴት ዋልሽ?»

«እግዜር ይመስገን፣ እናቴ። አንቺስ?»

«እኔማ አለሁ። ወንድምሽስ?»

«ደህና ነው። ባሱንዳ ነው፣ አረም ላይ።»

«ምነው ታዲያ ድምጡ ጠፋ?»

«ኔትወርክ የለም እዚያ። ታውቂው የለ።»

«በሕልሜ ከወንዝ ሲወጣ አየሁት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የወጣ። ‹ዙርልኝ እንጂ› ብለው አልዞር አለኝ።» የእናቷ የማስተዋል ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ተቋረጠና ተመለሰ። «እንዲያው በዚያ በቪዲዮው አንድ ጊዜ አሳይኝ፣ ልጄ። ለጋ ሆኖ ነው የሄደ። ጢሙ እንዴት እንደበቀለ እንኳ አላውቅም። እናት የልጇን ጢም አለማወቅ አለባት?»

«አሳይሻለሁ፣ እናቴ።»

«መቼ?»

ውዴ ቀና ብላ አያ ስማቸውን አየች። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«በቅርቡ» አለች።

ስልኩን ዘግታ ምንጣፉ ላይ በፊቱ ደፋችው።

*

የባንታምላክ ፊት የተቃጠለው በሰሊጥ ነው። በመጣ በሁለተኛው ዓመት፣ ታጭዶ ሊደርቅ በቆመ የሰሊጥ ነዶ ክምር፣ በሂላው ላይ እሳት ተነሣ፤ ሌሎቹ ሠራተኞች ሲሸሹ እርሱ ስሙን እንኳ ለማያውቅ ባለ እርሻ ምርት ሲል ነዶ ሊጎትት ገባ። ሰሊጥ ዘይት ነው፤ እንደ ሣር አይነድም፣ ይጣበቃል። ከግራ ጆሮው ሥር እስከ አፉ ጥግ ድረስ ሥጋው እንደ ሰም ቀልጦ እንደ ሰም ረጋ። ከንፈሩን ወደ ላይ ስቦት ስለቀረ፣ ባንታምላክ ሲያዝንም ሲተኛም በአንድ ወገኑ የሚሳለቅ ይመስል ነበር።

ያን ወራት ሙሉ ቅባቱን የምትቀባው ውዴ ነበረች። በአውራ ጣቷ፣ ከጆሮው ጀምራ ወደ አፉ።

«በቀስታ እንጂ» ይላታል። «መሬት ስታርሺ ነው እንዴ?»

«ዝም በል፣ አንተ ድንጋያም ማሳ።»

ከዕለታት አንድ ቀን ጣቷን ያዘና አስቆማት። «ለእናቴ እንዳትነግሪያት። ያሳደገችው ፊት ይኼ አይደለም። ማርያምን በይ።»

«ማርያምን» አለች።

ከዚያ ወዲያ ለእናቱ ኔትወርክ የሌለው፣ ካሜራው የተሰበረ፣ ዘወትር ጨለማ ውስጥ ያለ ልጅ ሆነ። ፎቶ የሚያነሣ ሰው ባየ ቁጥር ጥምጥሙን ፈትቶ በሱዳኖቹ ደንብ ፊቱን ይሸፍናል። በገዳሪፍ አቧራ ፊቱን የሚሸፍን ሰው ጥያቄ አይጠየቅም፤ ይህች ከተማ ለተሸፋፈነ ሰው ያላት ትዕግሥት ከቸርነት ይሁን ከግድየለሽነት ውዴ መለየት አቅቷት ኖራለች።

*

የሠልስቱ ዕለት ከማለዳ ጀምሮ ሰው ጎረፈ። ጎረቤት ሱዳናውያን እየገቡ መዳፋቸውን ወደ ላይ ገልጠው የፋቲሓ ጸሎት ይቀራሉ፤ «አል-በረካ ፊኩም» ብለው አጽናንተው ይቀመጣሉ። አበሾቹ «ነፍስ ይማር» ይላሉ። ቄሱ ጸሎታቸውን አድርሰው ሄደዋል። በራኩባው ጥግ ካርታ ይጫወቱ የነበሩ ጎረምሶች ካርታውን ጥለው ያንሾካሹኩ ጀመር።

«እሱ እኮ ነው፣ አውሬው።»

«የቱ አውሬ?»

«የሰቲት አውሬ! ፊልሙን አላየኸውም እንዴ? ጅራቱ የወለቀበት!»

«ኧረ በናትህ፣ እሱ ነው?» ሌላው አፉን በእጁ ከደነ። ትከሻው ግን አሳበቀበት።

ውዴ ሰማች። ተናዳ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ንዴት መደገፊያ አለው።

ፊልሙን የሠራው ሶፎኒያስ ነው፤ አዲስ አበባ ትያትር ተምሮ ያቋረጠ፣ ወደ ሊቢያ ሊሻገር መጥቶ ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋበት በስልክ ጥገናና በቪዲዮ ቤት የቀረ ሰው። አገሩን ሁሉ የሚያንቀጠቅጥ አስፈሪ ፊልም በአንድ ስልክ ለመቅረጽ ተነሣ። ታሪኩ እንዲህ ነበር፤ ከፊሉ አዞ፣ ከፊሉ ጅብ የሆነ ፍጡር በወድ ኤል ሒለው በኩል ከሰቲት ወንዝ እየወጣ የቀን ሠራተኞችን ይበላል። ማንም አይፈልጋቸውም፤ ስማቸውን የሚያውቅ የለምና። ሶፎኒያስ ይህን ሐሳብ ሲያስረዳ ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር። ፊልሙን ያየ ሰው ደግሞ እንባ እስኪወጣው ሳቀ።

ሊሳቅበት የሚገባም ነበር። እኩለ ሌሊት በተባለው ትዕይንት ፀሐይዋ ወንዙ ላይ ታብረቀርቃለች። አውሬው የወንዝ ጭራቅ ቢሆንም እግሩ ላይ ፕላስቲክ ጫማ አድርጓል፤ ጀርባው ላይ ዚፕ አለው። ተበልቶ አልቋል የተባለው ሟች ዝንብ ሲያርፍበት ያባርራል። አንዲት አህያ፣ ባለቤቷ ማን እንደሆነ ያልታወቀ፣ በየአስፈሪው ትዕይንት መጨረሻ ላይ በእርጋታ ታልፋለች። በማሳደዱ መካከል በሰሊጥ ገለባ የተጠቀጠቀው የጆንያ ጅራት ተበጥሶ ሲወድቅ፣ አውሬው ቆም ብሎ አነሣው፣ ብብቱ ሥር ወሸቀው፣ ማሳደዱንም ቀጠለ። ሕዝቡ በየቀኑ ያችን ቦታ ለማየት ይመለስ ነበር።

ባንታምላክን ለአውሬው ሚና ያበቃው ቁመቱ ነው። ሶፎኒያስ ባግባባው ጊዜ «ፊትህ አይታይም፤ ይቅርታ» ነበር ያለው። ባንታምላክ የተስማማው ግን ስለዚያች ይቅርታ ነው። ሳይታይ የሚታይበት ሥራ ከዚያ ቀደም ማንም አላቀረበለትም።

ጭምብሉን ሲሠሩ ውዴ እዚያ ነበረች። ጀሶ የተነከረ ጨርቅ እየደራረቡ በባዶ ፊቱ ላይ አለበሱት፤ በአፍንጫው ሁለት የለስላሳ መምጠጫ ሰክተውለት እንደ ተቀበረ ሰው ጸጥ ብሎ ተጋደመ። እጁን ይዛ ነበር። ጀሶው ሲግል መዳፏን ጨመቃት። ደርቆ ሲላቀቅ፣ ያንን ቅርፊት በትራክተር ጎማ ካላማዳሪያ ሸፈኑት፣ ከዘይት ጣሳ ጥርስ ቀረጹለት፣ የጠርሙስ ክዳን ዓይን አደረጉለት። እርሱም አጥልቆት ወደ መንገድ ወጣ፤ ተለማምዶት ባያውቅም ቀጥ ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ውዴ ከቃጠሎው ወዲህ አይታው በማታውቅ አረማመድ።

*

ከሰዓት በኋላ ሲሃም ጆንያ አዝላ ገባች። አባቷ የጎንደር፣ እናቷ የገዳሪፍ ናቸው፤ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች፣ አማርኛዋ እየሮጠ ወደ ዓረብኛ የሚሾልክባት፣ በፊልሙ ውስጥ አውሬውን በመጥረቢያ እጀታ የምትደበድበው ልጅ። ልብስ ጠፋ ሲባል ሰምታ ነው የመጣችው። ጆንያውን በምንጣፉ መካከል ገለበጠችው። ጥቁር ጎማ፣ ቆርቆሮ ጥርስ ያለው ጭምብል፣ የተጠቀለለ ጅራት ተዘረገፈ።

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ምንድን ነው ይሄ?» ብለው ጮኹ አያ ስማቸው።

«ልብሱ ነው፣ ያ ዓሚ» አለች ሲሃም። «ወላሂ ሌላ ምንም የለም፤ ሁሉን አቃጠሉት። እሱ የለበሰው ይሄ ብቻ ነው የቀረው። ኸላስ። ምን ላምጣ?»

«አንቺ ልጅ፣ ለቅሶ ነው ወይስ ሲኒማ? አውጪልኝ ከዚህ!»

«ተዉአት!» አሉ እማማ ባንቺአየሁ። ተንፏቀው ቀረቡ፤ ጎማውን ዳሰሱ፣ ዚፑን ተከትለው እስከ ወገቡ ወረዱ፣ የጣሳ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ነኩ። «ይሄ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«የአውሬ ልብስ ነው፣ እማማ። የፊልም» አላቸው አንዱ ጎረምሳ።

አሮጊቷ አሰቡ። ከዚያም ወደ ሲሃም ዞሩ።

«ላቡ አለበት?»

«አለበት፣ እማማ። በዚህ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ውስጡ ነበር። ስናወልቀው እንደ ውኃ ይፈስ ነበር።»

«እንግዲያማ ልብሱ ነው» አሉና ተነሡ። የአውሬውን ቆዳ በሁለት እጃቸው ከራሳቸው በላይ ከፍ አደረጉት። ያ ከሰው አንጀት ሥር የሚወጣ ድምፃቸው ራኩባውን ሞላው።

*ጭምብሉን ያየ ሰው ሮጦ ሲሸሽ ካገር፣*
*ሞት ብቻ ቀረበው ፊት ለፊት ሊናገር።*

*ጅራቱ ጆንያ፣ ጥርሱ ጣሳ ሆኖ፣*
*አንጀቴን የበላኝ ሰውነቱን ሸፍኖ።*

«ወዬ!» አሉ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ። አልቃሿም ልብሱን ለሕዝቡ ለማሳየት ወዲህና ወዲያ ሲያወዛውዙት፣ ጅራቱ ተበጥሶ በአያ ስማቸው ጭን ላይ ወደቀ።

ሳቁ መጀመሪያ ከጎረምሶቹ ወገን አፈተለከ። አንዱ አፈነው፣ ሌላው ላይ ፈነዳ። ፊልሙን ያዩ ሴቶች ነጠላቸው ውስጥ ተቀበሩ። ነገሩ ያልገባቸው ሱዳናውያን እንኳ በሽማግሌው ጭን ላይ የተጋደመውን ጅራት አይተው ከንፈራቸውን ነከሱ። ለጥቂት ጊዜ ያ የሐዘን ቤት የሶፎኒያስን ቪዲዮ ቤት መሰለ። ከዚያ እየሳቀች የነበረችው ሲሃም በድንገት «ያ ባንታ! ያ ባንታ!» ብላ መሬት ላይ ተደፋች። ሳቁ መንገድ ላይ እንዳለ ወደ ለቅሶ ተገለበጠ፤ ከሁለቱ የቱ እንደጀመረ፣ የቱ እንዳቆመ የለየ ሰው አልነበረም።

ውዴ አልሳቀችም፤ አላለቀሰችምም። ተነሥታ ጅራቱን ከሽማግሌው ጭን ላይ አነሣች፣ ገለባውን መልሳ ወደ ውስጥ ጠቀጠቀች፣ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ያዘችው። እርሷ የምታስታውሰው ሕዝቡ የሳቀበትን ቦታ ሳይሆን የጮኸበትን ነው።

*

ፊልሙ መጀመሪያ የታየ ዕለት ባንታምላክ ፊቱን በጥምጥሙ ከልሎ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ነበር፤ እርሷ ከጎኑ። እያንዳንዱ ስሕተት ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚስቀው እርሱ ነው። «ጫማዬን ተመልከቺ! አውሬ ሆኜ እንኳ እሾህ እፈራለሁ» ይላታል። ሕይወቱን ሙሉ እንደዚያ ሲስቅ አላየችውም።

ከዚያ የሲሃም ትዕይንት መጣ። አውሬው ከወንዙ ይወጣል፤ ልብስ የምታጥበው ልጅ እጀታውን አንሥታ ትመታዋለች። መምታት ያለባት ለማስመሰል ነበር፤ ሲሃም ግን ማስመሰል አታውቅም። ጭምብሉ ከራሱ ተፈንቅሎ በረረ። ባንታምላክም፣ ውኃ ከቅንድቡ እየተንጠባጠበ፣ ግራ ተጋብቶ፣ በባዶ ፊቱ ካሜራውን ትክ ብሎ አየው። ከአንድ ትንፋሽ የማይረዝም ጊዜ። ሶፎኒያስ አልቆረጠውም ነበር።

አዳራሹ ጮኸ። በዚያ ፊልም ውስጥ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ሰው ከልቡ ፈራ። አንዲት ሴት ወንበሯን ገልብጣ ተነሣች። ከፊት ረድፍ አንዱ በአድናቆት ጮክ ብሎ፣ «ይኼኛው ነው ጭምብል ማለት! ከታች የደበቁትን አያችሁ? እንዴት አድርገው ሠሩት?» አለ። ሌሎቹም አጨበጨቡ።

ውዴ የወንድሟን ክንድ ያዘች። እርሱ ጥምጥሙን ወደ ዓይኑ ከፍ አደረገና፣ በዚያ በሚሳለቅ በሚመስል ከንፈሩ፣ ጆሮዋ ሥር፣ «አየሽ?» አላት። «ፊልሙ የሠራው እዚህ ጋ ብቻ ነው።»

*

ሶፎኒያስ ለሦስት ቀን ራኩባው ውስጥ አልገባም። የሠልስቱ ዕለት ማምሻውን ውዴ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ከዚሩ፣ ከውኃው ጋን አጠገብ ቆሞ አገኘችው።

«ለምን አትገባም?»

«ምን ብዬ?»

«እንደ ሰው። ነፍስ ይማር ብለህ።»

ስልኩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ያገላብጣል። «አያ ስማቸው ያለ ፎቶ ሊሄዱ ነው አሉ። ያችን ቦታ፣ ፊቱ የሚታይባትን፣ ላውጣትና ላሳትማት? ሌላ ምስል የለውም።»

«ሰው የጮኸበትን ፊት ነው ለእናቴ የምልከው?» አለች ውዴ። «ቁረጣት ብዬ እግርህ ላይ ወድቄ ነበር፣ ሶፎኒያስ። ሰው በወንድሜ ፊት ይዝናና ብለህ ተውካት።»

«ቆርጫት ነበር።»

«ውሸታም።»

«ውሸታምነቴን አልክድም። ይህን ግን አልዋሸሁም።» አንገቱን አቀረቀረ። «ባለቀስሽበት ማግሥት ቆረጥኳት። ሁለት ቀን እንደዚያው አሳየሁ። በሦስተኛው እሱ መጣ። ‹መልሳት› አለኝ። ‹አብደሃል?› አልኩት።»

«ምን አለህ?»

«‹ፊልሙ ከስልክ ወደ ስልክ እያለ ሽንፋ መድረሱ አይቀርም› አለኝ። ‹እናቴ አንድ ቀን ታየዋለች። ፊቴን ስታይ፣ ፊልም ነው፣ ቀብተውት ነው ትላለች። እሷ ሳታዝን ታየኛለች፤ እኔም ሳልዋሽ እታይላታለሁ።› እንዲህ ነው ያለኝ፣ ውዴ። ‹አንድ ጊዜ ብትሆንም› አለኝ።»

ውዴ ጣሳውን ጋኑ ውስጥ እንደያዘች ቆመች። ወንድሟ ያስማላት መሐላ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው፣ የተቀደሰ መስሏት እናቷን የዋሸችበት፣ በገዛ እጁ ቀዳዳ የተበጀለት ግንብ ሆኖ ተገኘ። መደበቅ ደክሞት ነበር። ለእርሷ ግን አልነገራትም፤ እርሷ የግንቡ ጠባቂ ነበረቻ።

«ግባና ሻይ ጠጣ» አለችው በመጨረሻ። ይቅርታ አልነበረም። ከይቅርታ በፊት የሚመጣ፣ ስም የሌለው ነገር ነበር።

*

ጧት አያ ስማቸው ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ነጩን ሸሚዝ በብብታቸው ይዘው መጡ። ወደ ገላባት የሚሄደው ቦክሲ አስፋልቱ ዳር ሞተሩን አስነሥቶ ሰው ይጠብቃል።

ውዴ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ፣ ጭምብሉን ጉልበቷ መካከል ይዛ፣ በቢላ ጥርሶቹን ትነቅል ነበር። የጣሳ ጥርሶቹ፣ የጠርሙስ ክዳን ዓይኖቹ ከጎኗ ተከምረዋል። ካላማዳሪያውን ከጀሶው ላይ እንደ በግ ቆዳ ገፈፈችው።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ ልጄ? መኪናው ሊሄድ ነው።»

«ሸሚዙን አይውሰዱት፣ አያ።»

«እንግዲህ ተነጋግረንበታል። እናት ልብስ ሲዘረጋላት ትወድቅበታለች እንጂ መቼ ትመረምራለች?»

«እናቴ ታሸታለች» አለች ውዴ። «መጀመሪያ ኮሌታውን ነው የምታሸት። ሱቅ ሱቅ ይላታል። ያን ጊዜ ሞቱን ሳይሆን እኛን ነው የማታምን። በየገበያው ስትፈልገው ትኖራለች።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በእጇ ላይ ያለውን አዩ። ከአውሬው የቀረው ነጭ የጀሶ ቅርፊት ብቻ ነበር፤ ከውጭ ሸካራ፣ ቅርጽ አልባ፣ የተጣለ የሸክላ ስባሪ የሚመስል። ውዴ ቀስ ብላ ገለበጠችው።

ከውስጥ ባንታምላክ ነበር። ግንባሩ፣ የተጨፈኑ የዓይኖቹ ሽፋሽፍት፣ በመጠኑ ጠመም ያለው አፍንጫው፣ ጢሙ እንኳ፣ በጣም አጭር ጢም፣ በጀሶው ላይ እንደ ጉንዳን መንገድ ታትሟል። ሰው ሁሉ በሳቀበትና በሸሸው አውሬ ልብ ውስጥ፣ ማንም ወደ ውስጥ ሳያይ፣ ተጋድሞ ቆይቷል።

አያ ስማቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ቃጠሎውስ?» አሉ በሹክሹክታ። «አታውቅም እኮ።»

«ትወቅ። እንዲታይላት ፈልጎ ነበር።»

«እኔ ምን ልበላት?»

«ምንም አይበሏት። እጅሽን አስገቢ ይበሏት። እሷ ታገኘዋለች።»

ሽማግሌው ሸሚዙን ከላስቲኩ አወጡ፤ ካርቶኑን ከኮሌታው ሳቡ፣ የመርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነቅለው ምንጣፉ ላይ ዘረጉት። ለመጠቅለያ ይሆናል ማለታቸው ነበር። ከአስፋልቱ ዳር ቦክሲው ጥሩምባውን ነፋ።

«አምጪው እንግዲህ» አሉ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው።

«አንዴ ይቆዩኝ።»

ውዴ አውራ ጣቷን ወደ ጀሶው ውስጥ አስገባች። በፊቱ ላይ ጉብ ብሎ የነበረው ጠባሳ እዚህ ጎድጎድ ብሎ የጣቷን ልክ ቦይ ሠርቷል። ከግራ ጆሮው ሥር ጀመረች። መሬት እንደሚያርስ ሰው አልነበረም፤ በቀስታ፣ ቅባቱ እንዳያልቅባት የሰጋች ይመስል፣ ቁልቁል ወደ አፉ ጥግ። ቦክሲው ዳግመኛ ጥሩምባውን ነፋ። ጣቷ ገና ጉንጩ ላይ ነበር።